የህንድ ሴቶች ጌጥ በሃይማኖት ዝርዝር አይሸጥም

ጥያቄ፦ «ዱባይ፣ ደይራ በሚገኝ የወርቅ መደብር በሻጭነት ከተቀጠርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ህንዳውያን ናቸው። በቅርቡ አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ጌጥ ስትመርጥ የወርቅ አልቦ ባሳያት ፊቷ ተለዋወጠ፤ ዕቃውን በእጇ እንኳ አልነካችውም። በማግስቱ ሌላ ህንዳዊት መጥታ ያንኑ አልቦ ለሴት ልጇ ገዛችው። ሂንዱዋ ምን ትወዳለች? ሙስሊሟስ? ክርስቲያኗስ? በዝርዝር ቢጽፉልኝ በቃሌ ይዤ እሠራበት ነበር። ወደፊት ደግሞ ከአገሬ የወሎ ኦፓል እያስመጣሁ ለእነሱ ለመሸጥ አስቤያለሁ፤ ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦ የጠየቁኝን ዝርዝር አልጽፍልዎትም፤ ብጽፈው በሳምንቱ ሌላ ደንበኛ ያስቀይሙበታል። ለምን እንደሆነ የነገሩኝ የአልቦው ታሪክ ራሱ ያስረዳል። ሁለቱም ሴቶች ሂንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያዋ ያደገችበት ቤት ወርቅን የሀብት አምላክ ከሆነችው ከላክሽሚ ለይቶ አያይም፤ ስለዚህ ወርቅን ከወገብ በታች፣ ይልቁንም እግር ላይ ማዋል አምላኪቱን እንደ መርገጥ ይቆጠርበታል። በእንዲህ ያለ ቤት አልቦ ብር ነው። ያገባች ሴት ከእግሯ አውራ ጣት ቀጥላ ባለችው ጣት ላይ የምታጠልቀው ቀለበትም ብር ነው። የሁለተኛዋ አገር ግን ኬረላ ቢሆን አይገርመኝም። በዚያ የደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም ለሴት ልጁ የወርቅ አልቦ ሲያደርግ ማንም ቅር አይለውም። በቀድሞዎቹ የራጃስታን መንግሥታት ደግሞ እግር ላይ ወርቅ ማድረግ ንጉሡ ለመረጣቸው ሰዎች የሚሰጠው የክብር ፈቃድ ነበር። በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ያው ጌጥ አንዱ ጋ ነውር፣ ሌላው ጋ ልማድ፣ ሌላው ጋ ሹመት ሆነ ማለት ነው።

ሌላው መስተካከል ያለበት፣ ከህንድ የመጣን ሰው ሁሉ ሂንዱ አድርጎ መነሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ሂንዱዎች 79.8 በመቶ፣ ሙስሊሞች 14.2 በመቶ፣ ክርስቲያኖች 2.3 በመቶ፣ ሲኮች 1.7 በመቶ ነበሩ። ይህ የመላው አገር ስሌት ለእርስዎ ባንኮኒ አይሠራም። በኤምሬትስ ካሉት ህንዳውያን መካከል ትልቁን ድርሻ የያዙት የኬረላ ሰዎች ናቸው፤ በኬረላ በዚያው ቆጠራ ሂንዱዎች 55፣ ሙስሊሞች 27፣ ክርስቲያኖች 18 በመቶ ገደማ ናቸው። ስለዚህ ሱቃችሁ ደጃፍ ላይ ሳሪ ለብሳ የምትቆመዋ ሴት መስቀል ያለበት ሐብል ብትጠይቅዎት አይደንግጡ። ሳሪ የሃይማኖት መለያ አይደለም።

እኔ በሥራዬ የምመራበት መንገድ ይህ ነው፦ ሃይማኖት የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ መቅረት የሌለባትን አንዲት ትንሽ ጌጥ ነው። የጌጡን ቅርጽ የሚወስነው የትውልድ አገር ነው። የወርቁን ብዛት ደግሞ የሚወስነው የንብረት ጉዳይ ነው። ሦስቱን ለይቶ ያላየ ሻጭ ልማዱን ሁሉ «ሃይማኖታቸው ነው» እያለ ያልፋል።

ከትንሿ ጌጥ ልጀምር። ያገባች ሂንዱ ሴት የጋብቻ ምልክት ታደርጋለች፤ ምልክቱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በማሃራሽትራ ጥቁር ዶቃ ተሰክቶበት ሁለት ትንንሽ የወርቅ ጽዋዎች የሚንጠለጠሉበት ማንጋልሱትራ ነው። በታሚል ናዱ ታሊ ይባላል፤ ሙሽራው በእርድ በተነከረ ቢጫ ክር አድርጎ አንገቷ ላይ ይቋጥርላታል፣ በኋላ ብዙዎች ወደ ወርቅ ሐብል ያዛውሩታል። ቤንጋል ሲሄዱ ዋናው ምልክት ከአንገት ወደ እጅ ይወርዳል፦ ከባሕር ዛጎል የተሠራ ነጭ አምባር፣ ቀይ የኮራል አምባርና ብዙ ጊዜ በወርቅ የሚለበጥ የብረት አምባር። ፑንጃባዊቷ ሙሽራ የእናቷ ወንድም የሚያመጣላትን ቀይና ነጭ የአምባር ድርድር እስከ ክንዷ ታጠልቃለች። ፓንዲት የሚባሉት የካሽሚር ሂንዱ ሴቶች ምልክት ደግሞ ከጆሮ የላይኛው ክፍል በረጅም ክር ወይም ሰንሰለት ይወርዳል። ቤንጋላዊቷን «ማንጋልሱትራሽ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የእኛ ሰው የአንገት ክሩን ሲያይ ማተብን ያስታውሳል። ማተብ በጥምቀት ለሕፃን የሚታሰር ነው፤ ታሊ ግን የባል በሕይወት መኖርና የጋብቻው መጽናት ምልክት ነው። ስለዚህ «አዲሱን ሐብል እንድትሞክሪው ያንን አውልቂው» አይበሉ። ጥገና አስፈልጎት ለወርቅ ሠሪው መስጠት ግድ ቢሆንባት እንኳ ብዙ የደቡብ ህንድ ሴቶች ጌጡ እስኪመለስ አንዲት የእርድ ሥር የታሰረችበት ቢጫ ክር አንገታቸው ላይ አድርገው ይቆያሉ። ይህን የሚያውቅ ሱቅ ክሩን ከመሳቢያው አያጣም። ባሏ የሞተባት ሴት እነዚህን ምልክቶች ታወልቅ ዘንድ ልማዱ ያስገድዳት ነበር፤ ዛሬ የሚያወልቁም የማያወልቁም አሉ። አንገቷ ባዶ ስለሆነ ስለ ትዳሯ ምንም አይገምቱ፣ ምንም አይጠይቁ።

አሁን ወደ ክርስቲያኖቹ ልምጣ፤ ዝርዝር የሚባለው ነገር ጨርሶ የሚፈርሰው እነሱ ጋ ነው። ሐዋርያው ቶማስ ሰበከን የሚሉት የኬረላ ክርስቲያኖች ሚኑ የሚባል የጋብቻ ጌጥ አላቸው፦ የጥፍር ያህል የምታክል፣ ቅጠል ወይም ልብ የምትመስል የወርቅ ዝርግ፣ በላይዋ ላይ በጥቃቅን የወርቅ ፍሬዎች የተሠራ መስቀል ያለባት። ሙሽራው በቤተ ክርስቲያን ሲያስርላት ክሩ ከገበያ የሚገዛ አይደለም፤ ለሠርጉ ከሰጣት ማንትራኮዲ ከሚባል ሳሪ ተመዝዘው በአንድ ላይ የተገመዱ ሰባት ክሮች ናቸው። ከሂንዱው ታሊ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ መስቀሉ ብቻ ነው አገሩን ሳይሆን እምነቱን የሚናገረው። እነዚህ ቤተሰቦች ሙሽራቸውን በወርቅ ያስጌጣሉ። ከዚያው መንደር፣ አንዳንዴም ከዚያው ቤተሰብ የወጣች የጴንጤቆስጤ አማኝ ደግሞ ወርቅ አትነካም፤ ጉትቻ የለም፣ አምባር የለም፣ የጋብቻ ሐብልም የለም። ሁለቱም ክርስቲያን፣ ሁለቱም የኬረላ ቋንቋ የሆነው የማላያላም ተናጋሪ። «ክርስቲያኖች ቀለል ያለ ጌጥ ይወዳሉ» የሚል ምክር ከሰሙ፣ የነገረዎት ሰው ከሁለቱ አንዷን ብቻ ነው ያገኘው።

ሙስሊሞቹም እንዲሁ ናቸው። እስልምና ወርቅን ለወንድ ይከለክላል፣ ለሴት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአገር ልማድ ነው። የሃይደራባድ ሙስሊም ሙሽራ ሉል በብዛት ትመርጣለች፣ በራሷ በአንድ ጎን የሚሰካ ማራገቢያ መሳይ ጌጥ ታደርጋለች፤ የሚገርመው ደግሞ በጋብቻዋ ከማንጋልሱትራ ጋር የሚመሳሰል የጥቁር ዶቃ ሐብል ማድረግ በዚያ አካባቢ የቆየ ወግ ነው። በኬረላ የሙስሊም አሮጊቶች የጆሯቸውን ጠርዝ ተከትለው ብዙ ቀዳዳ እየበሱ በወርቅ ቀለበት ይሞሉት ነበር። ለሙስሊም ደንበኛ ልብ ሊሉት የሚገባው ዋና ነገር የአማልክት ምስል የተቀረጸበትን ጌጥ አለማቅረብ ነው። የታሚል ናዱ የቤተ መቅደስ ጌጥ የሚባለው ላክሽሚን፣ ፒኮክንና ዝሆንን ይዞ ይመጣል፤ ያንን ከፊቷ መዘርጋት ጊዜ ማባከን ነው። ሲክ ለሆነችው ደግሞ በእጇ ያለው የብረት አምባር፣ ካራ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1699 ጀምሮ ከአምስቱ የእምነት ምልክቶች አንዱ ነው። ብረት የሆነው ድህነት ስላለ አይደለምና «በወርቅ እንቀይረው?» አይበሉ። ጃይን የሚባለውን የህንድ ሃይማኖት በጥብቅ የሚከተሉት እንስሳ ተገድሎ የሚገኝን ነገር ስለሚሸሹ ሉል፣ ዛጎልና ኮራል ለአንዳንዶቹ ይከብዳቸዋል፤ አልማዝ ግን አይከብዳቸውም። በሱራት ከተማ የሚቀረጸውን አልማዝ ከሚነግዱት መካከል ብዙዎቹ የጉጅራት ጃይኖች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሻጭን የሚያሳስበው ግን ግራሙ ነው፤ እሱን ደግሞ ሃይማኖት አያብራራውም። «ህንዳውያን ወርቅ ያመልካሉ» የሚባለውን ቀልድ ከሱቅ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የውርስ ሕጋቸውን ያላየ ሰው ወሬ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የኬረላ ክፍል በሆነው በቀድሞው የትራቫንኮር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1916 የወጣው የክርስቲያኖች የውርስ ሕግ አባት ሳይናዘዝ ቢሞት ለሴት ልጅ የሚሰጣት የወንድሟን ድርሻ ሩብ ወይም 5000 ሩፒ ነበር፤ ከሁለቱም ያነሰው። በጋብቻዋ የተሰጣት ነገር ካለ ያችም ትቀርባታለች። ሜሪ ሮይ የተባሉ የኬረላ ሴት ተሟግተው የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴት ልጅ እኩል እንደምትወርስ የፈረደው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እስከዚያ ድረስ እናት ለልጇ አንገትና ክንድ ላይ የምታስረው ወርቅ ልጅቱ ከአባቷ ቤት ይዛ የምትወጣው ብቸኛ ንብረት ነበር። በሂንዱዎቹም ዘንድ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል የጋራውን የቤተሰብ ንብረት ተካፋይ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ የሕግ ማሻሻያ ነው። መሬቱ ለወንድ፣ ወርቁ ለሴት ሲባል ብዙ ትውልድ አልፏል።

ይህ የሴቲቱ የግል ንብረት ስትሪዳን ይባላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 እንደበየነው ባል ወይም አማት በእጃቸው ቢያስቀምጡት እንኳ የእሷ ነው፤ አልመልስም ያለ በወንጀል ይጠየቃል። የሙሽራዋ ወገን ለሙሽራው ወገን እንዲከፍል የሚገደድበት ልማድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ሁለቱ በወረቀት የተለያዩ ቢሆኑም በሠርግ ሰሞን ብዙ ጊዜ ይደበላለቃሉ፤ አባትየው ፊቱ ጠቁሮ ወርቁን ሲያስመዝን ካዩ ለጨዋታ እንኳ «ስንት ግራም ጠየቋችሁ?» አይበሉ። የሙስሊሟ መህር ደግሞ በተቃራኒው ከሙሽራው ወደ ሙሽራዋ የሚሄድ ሲሆን በኬረላ ብዙ ጊዜ በወርቅ ይሰጣል። ስለዚህ ሙሽራው ራሱ ሊገዛ ቢመጣ ዋጋውን የሚያየው እሱ፣ ዲዛይኑን የምታየው እሷ ናት።

የህንድ የግብር መሥሪያ ቤትም ይህን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1994 ለፈታሾች የወጣው መመሪያ ቤት ሲበረበር ካገባች ሴት እስከ 500 ግራም፣ ካላገባች እስከ 250 ግራም፣ ከወንድ እስከ 100 ግራም የሚደርስ የወርቅ ጌጥ እንዳይያዝ ያዛል። ግማሽ ኪሎ ወርቅ ለአንዲት ባለትዳር ሴት መንግሥትን የማያስደነግጥበት አገር መሆኑን ከዚህ ይረዱ።

ንብረት ስለሆነ ምርጫው እንደ ንብረት ነው። የደቡብ ህንድ ደንበኛ 22 ካራት፣ ማለትም 91.6 በመቶ ንጹህ የሆነውንና 916 የሚል ማኅተም ያለበትን ትፈልጋለች፤ 18 ካራት ሲያሳዩአት ያኮረፈችው ንቃዎት አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ ንግድ ሲጀመር ያ አምባር መያዣ ሆኖ ብድር ያመጣል። ሙቱትና ማናፑራም የተባሉት በወርቅ መያዣ የሚያበድሩ ታላላቅ ኩባንያዎች ሁለቱም የኬረላ መሆናቸው ድንገት አይደለም። አበዳሪው የድንጋይን ክብደት ቀንሶ ነው የሚመዝነው፤ ስለዚህ ደንበኛዋም ድንጋይ የበዛበትን ጌጥ ትሸሻለች። በራጃስታንና በዴልሂ በኩል የሚወደደው ኩንዳን ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ያልተወቀረ አልማዝና ባለቀለም ድንጋይ በንጹህ የወርቅ ቅጠል ይታሰራል፣ ከኋላው በኢናሜል ቀለም ይዋባል፣ ባዶው ሆዱ ግን ብዙ ጊዜ ላክ በሚባል ሙጫ የተሞላ ነው። ኩንዳን ሲሸጡ ጠቅላላውን ክብደትና የወርቁን የተጣራ ክብደት ለይተው ይንገሩ፤ ሳይጠየቁ ይንገሩ። በዚህ የተነሳ የሚመጣ ጠብ በሱቅ ውስጥ ከሁሉም የከፋው ነው።

ስለ ቀናት በአጭሩ፦ የሂንዱዎች የመብራት በዓል ከሆነው ከዲዋሊ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚውለው ዳንቴራስ እና በሚያዝያ ወይም በግንቦት የሚውለው አክሻያ ትሪቲያ ወርቅ የሚገዛባቸው የሂንዱ ቀናት ናቸው። ከዳንቴራስ ሳምንታት ቀደም ብሎ ሙታን የሚታሰቡበት ሰሞን አለ፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎች አዲስ ነገር አይገዙምና ገበያው ሲቀዘቅዝ ጥፋቱን በራስዎ ላይ አያድርጉ።

ወደ ኦፓሉ ልለፍ፤ እዚህ ላይ የምጠነቀቅልዎ ነገር ብዙ ነው። በህንድ ድንጋይ የሚገዛው ለውበት ብቻ አይደለም። በኮከብ ቆጠራቸው ዘጠኝ የሰማይ ኃይሎች ዘጠኝ ድንጋዮች አሏቸው፦ ሩቢ የፀሐይ፣ ሉል የጨረቃ፣ ቀይ ኮራል የማርስ፣ ቢጫ ሳፋየር የጁፒተር፣ እያለ ይሄዳል። የሳተርን የሆነው ሰማያዊ ሳፋየር በጣም ይፈራል፤ ገዢው ለጥቂት ቀን ይዞት አድሮ ክፉ ሕልም ወይም አደጋ ካልገጠመው ነው ሒሳቡን የሚዘጋው። ቀለበቱ ከሥሩ ክፍት ሆኖ ድንጋዩ ቆዳ እንዲነካ ይጠየቃል። ጥናት የሚደግፈው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ደንበኛዋ የምትከፍለው ለዚህ ከሆነ ሻጭ ይህንን ማወቅ አለበት። የቬነስ ድንጋይ አልማዝ ነው። አልማዝ ለማይችል ሰው ኮከብ ቆጣሪው በምትኩ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ኦፓል ነው። የእርስዎ ገበያ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም እዚሁ ላይ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ያለ ድንጋይ ከመደረጉ በፊት በጥሬ ወተት፣ በማርና በጋንጅስ ውኃ የመንከርና የማጠብ ሥርዓት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ በብዛት የወጣው የወሎ ኦፓል ደግሞ ፈሳሽ የሚመጥ ድንጋይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ብርጭቆ መስሎ ያ የሚንቦገቦገው ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል፤ በዝግታ ሲደርቅ ይመለሳል። ወተት፣ ዘይትና ቀለም ያለው ፈሳሽ ግን ዘልቆ ገብቶ እንዳቆሸሸው ሊቀር ይችላል። በሠርግ ዋዜማ የሙሽራዋ ገላ በእርድ ይቀባል፤ እርድ የነካው ነጭ ኦፓል ምን እንደሚመስል ልነግርዎት አያስፈልግም። ደንበኛዋ «አምላክ አልተቀበለኝም» ወይም «አታለሉኝ» ብላ ትመለሳለች፤ በሁለቱም እርስዎ ነዎት ተጠያቂ። ይህ የመምጠጥ ባሕርይ ድንጋዩን በቀለምም በጢስም ለማጥቆር ያመቻል። ስለዚህ ጥቁር የወሎ ኦፓል በርካሽ ካገኙ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ አይግዙ።

ዋጋውንም ያስቡበት። ከአገራችን የሚወጣ ብዙ ኦፓል የሚቀረጸው በህንድ ጃይፑር ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀርጾ የተወለወለው ድንጋይ ዱባይ ድረስ በሚደርስበት ዋጋ እርስዎ በሻንጣ አምጥተው አይወዳደሩም። ጌጥ ላይ ያልተሰካ ልቅ ድንጋይ ነጋዴ ለመሆን ካሰቡ ይተዉት። ሊያዋጣዎት የሚችለው በአዲስ አበባ በጥሩ አንጥረኛ በብር የተሠራ፣ የመጣበት ቦታ በጽሑፍ የተገለጸ፣ ጥቂት የጉትቻና የሐብል ሥራ ነው፤ ሕጋዊ የወጪ ንግድ ሰነድ ያለው። ቀለበት አይጀምሩ፤ እጅ ውኃም ዘይትም እርድም ይነካል። የቬነስ ድንጋይ ነው ብለው አይሽጡ፤ ደንበኛዋ ራሷ ለዚያ እንደምትፈልገው ከነገረችዎት፣ በፈሳሽ መንከር እንደሌለባት በሚገባት ቋንቋ ጽፈው ከደረሰኙ ጋር ይስጧት፤ አልስማማም ካለች አይሽጡላት። ሙሽሪት የምትደነግጥበት ቀለም ጥቁር ስለሆነ ለሠርግ የሚፈልጉት ላይ ነጭና ቢጫ ያስቀድሙ። ያ ሁሉ ጥቁር ዶቃ በማንጋልሱትራ ላይ መኖሩ አያሳስትዎ፤ እሱ የሰው ዓይን መከላከያ ነው፣ በደስታ ቀን እንደ ጌጥ የሚመረጥ ቀለም አይደለም። ከዝሆን ጥርስም ይራቁ። ጥንታዊ የፑንጃብ አምባር ነው ብሎ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ፣ ንግዱ በህንድም በዓለም አቀፍ ስምምነትም የተከለከለ ነውና ወደ መደብሩ አያስገቡት።

በባንኮኒው ላይ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሃይማኖት መጠየቅ ያቁሙ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለማን ነው፣ ለምን ዝግጅት ነው፣ የቤተሰቡ አገር የት ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ህንዳውያን በደስታ ይመልሱታል፤ የኬረላዋን «ትሪሱር» ወይም የፑንጃቧን «ሉዲያና» ስትልዎት ግማሹን ሥራ ጨርሰውታል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁለት ትሪ ብቻ ያውጡ፤ አልቦ ከሆነ አንዱ ብር፣ አንዱ ወርቅ። እጇ ወደየትኛው እንደሚሄድ ይጠብቁ፤ ሌላውን ምንም ሳይሉ መልሰው ያስገቡት።